ለቦይለሩ የአንድ ዓመት ውል

ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው በኋላ አንደበቱ ላይ የቀረለት ቃል አንድ ብቻ ነበር፦ «እሺ»። ውሃ ሲጠማው እሺ፣ ሲያመው እሺ፣ ሲበሳጭም እሺ። ሐኪሟ ይህ የተለመደ መሆኑን፣ ቃሉን እሱ እንዳልመረጠው፣ ከጉዳቱ ተርፎ የተገኘው እሱ ብቻ እንደሆነ አስረዳችኝ። እኔን ግን ከቃል ሁሉ ያ መቅረቱ ያንገበግበኝ ነበር። በጤናው ዘመን በቀላሉ እሺ የሚል ሰው አልነበረም። ዳቦ ቤት ገብቶ እንኳ ስለ ዳቦው አበሳሰል ሳይከራከር አይወጣም። አሁን የሚፈልገውን የምለየው በድምፁ አወጣጥ ነበር። ረዘም ሲያደርገው «ተይኝ» ማለቱ ነው። ሲያሳጥረው «አዎ» ነው። ጉሮሮው ውስጥ የሚቀረው ግን ምን ማለት እንደሆነ እስከ መጨረሻው አላወቅኩም።

የምንኖረው ዙሪክ፣ ዜባህ ነው፤ እርስ በርስ ተያይዘው ከተሠሩ ጠባብ አሮጌ ቤቶች በአንዱ። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት እኔ በሥራዬ እየተመላለስኩ የምረዳቸው አሮጊት ነበሩ። ሲሞቱ ልጆቻቸው ለእናታቸው ስላደረግኩት ብለው በሚቻለን ዋጋ ለቀቁልን። ከቤቱ ጋር ምድር ቤት የተቀመጠውን ቦይለርም ወረስን። በዘይት የሚሠራ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ብረት ነው። ቤቱን ሁሉ የሚያሞቀው እሱ ነው፤ እሱ ያፈላው ውሃ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ባሉት ራዲያተሮች ይዞራል። ባለቤቴ ኦርሊኮን ማሽን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ብረት አይፈራም። ክረምት ሊገባ ሲል ምድር ቤት ይወርድና ያንን ቦይለር እንደ ታመመ ሰው ያስታምመዋል። እኔ ከላይ ሆኜ ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ። ከማን ጋር እንደሚያወራ ብጠይቀው «ከሽማግሌው ጋር» ይለኝ ነበር።

ከታመመ በኋላ ምድር ቤት የሚወርድ ሰው ጠፋ። በመጀመሪያው መኸር ማቃጠያውን በየዓመቱ የሚያጸዳው ቴክኒሻን መጣ። ሥራውን ጨርሶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ለብልሽት የተለየ ውል እንዳለ ነገረኝ። በየዓመቱ የሚከፈል ነው፤ ቦይለሩ ሲቆም የውሉ ባለቤት ከሌላው ሰው ይቀድማል።

«የቤቱ ኢንሹራንስ ይህን አይሸፍንም?» አልኩት።

«ደውለው ይጠይቋቸው» አለኝ።

ደወልኩ። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ እሳት ቢነሳ፣ ማዕበል ጣሪያውን ቢገነጥለው፣ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱን ቢያጥለቀልቀው እንደሚከፍሉ በትሕትና ዘረዘረችልኝ። ቦይለሩ አርጅቶ ቢቆም ግን አይመለከታቸውም።

«ማርጀት አደጋ አይደለም፣ እመቤት» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ባለቤቴ ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ አጠገብ፣ ከሆስፒታል በሰጡን አልጋ ላይ ተደግፎ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ የሚወስነው እሱ ነበር። እኔ የማውቀው የአሮጊትና የሽማግሌ ገላ ማጠብ እንጂ ውልና ማሽን አይደለም።

«ለቦይለሩ ውል እንፈርም ወይ?» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

«ወይስ እንተወው?»

«እሺ።»

ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አጭርም ረጅምም አልነበሩም። ዓይኑን አየሁት። የሚለው ነገር እንዳለው፣ እሱም እንደማይወጣለት አውቆ እንደተናደደ ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩትም።

ታላቅ እህቴን በስልክ አማከርኳት። እህቴ የምትኖረው ጄኔቫ፣ ሰርቬት ነው፤ ከዓለም አቀፍ ድርጅት ጸሐፊነት ጡረታ ወጥታለች። በስልክ እንጂ በአካል ብዙም አንገናኝም ነበር። ምክንያቱም ባለቤቴ ነው። እኛ አዲስ አበባ የተወለድን፣ የቄስ ልጆች ነን። እሱ የወሎ ሙስሊም ነው። ስንጋባ ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ እኔ ማዕተቤን አልበጠስኩም፣ እሱም ሶላቱን አልተወም። እትዬ ግን ሠርጌ ላይ አልተገኘችም፤ ከዚያም ወዲህ ቤቴ ረግጣ አታውቅም። ስለ እሱ ስታነሳ «ሰውዬሽ» ነበር የምትለው።

«ስሙ ምንድን ነው አልሽ የውሉ?» አለችኝ።

«እዚህ አቦ ነው የሚሉት። ሰርቪስ አቦ።»

«የጻድቁን ስም ለቧንቧ ሰጡት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ለወጠች። «እኔ ሾፋዡ፣ ማሞቂያው፣ ሲበላሽ ለሬዢው እደውላለሁ፤ ቤቱን የሚያከራየው ቢሮ ነው የሚጨነቀው እንጂ እኔ አይደለሁም። የቤት ባለቤት ካልሆንን ያለው ማነው? እኔ ነኝ?»

ሰውዬሽ አላለችም እንጂ እሱን ማለቷ ነበር።

ሳልፈርም ክረምቱ ገባ። ይሁን አልልም፣ ይቅርም አልልም፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ።

ቦይለሩ ከገና በኋላ፣ ውጭው በረዶ ባለበት ጠዋት ቆመ። ከእንቅልፌ ስነሳ ያነቃኝ ጸጥታው ነበር። ራዲያተሩን ስነካው እንደ መስኮቱ መስታወት ቀዝቅዟል። ምድር ቤት ወረድኩ። ቦይለሩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ባለቤቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ቁልፉን ተጫንኩት። ትንሽ አጉረመረመና መልሶ ዝም አለ። ደግሜ ተጫንኩት። ከዚያ ደወልኩ።

«ውል አለዎት?» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ሴት።

«የለኝም። ባለቤቴ ግን አልጋ ላይ ነው። ግማሽ አካሉ አይሠራም።»

«በጣም አዝናለሁ። በዚህ ብርድ ቦይለር የቆመበት ሰው ብዙ ነው፤ ውል ያላቸውን ነው መጀመሪያ የምንደርስላቸው። ከሚቀጥለው ሳምንት በፊት ሰው የለኝም።»

«አሁኑኑ ብፈርምስ?»

«ለደረሰ ብልሽት አይሆንም» አለችኝ።

ሌሎች ዘንድም ደወልኩ። አንዱ ስልክ አላነሳም፤ ሌላው የዚያን ዓይነት ቦይለር ካየ ዘመን እንደሆነው ነገረኝ። የጎረቤቴን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተውሼ ሰካሁ፤ ከራሴው ማሞቂያ ጋር ሲደመር የአሮጌው ቤት ፊውዝ አልቻለውምና ወደቀ። ቤቱ ጨለመም ቀዘቀዘም። ፊውዙን መልሼ በአንዱ ማሞቂያ ብቻ አልጋው አጠገብ ያለውን ማሞቅ ያዝኩ። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራረብኩለት። የማይሰማው እጁ ከብርድ ልብሱ ውጭ ይቀራል፤ እሱ አያውቀውም፤ እኔ መልሼ አስገባዋለሁ። ሳስገባው እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ከንፈሩ ጠቆረ። ሳል ጀመረው።

ከሰዓት በፊት የምትመጣው ነርስ ደረቱን አዳምጣ ፊቷን አከፋች። ሳንባው በስሱ ይንኮሻኮሻል አለች፣ ይህ ሰው እዚህ ቤት ማደር የለበትም።

«ሆስፒታል እንውሰደው» አልኳት።

ደወለች። ከወዲያ በኩል የሚሉትን ሰማሁ፤ ቤቱ ስለቀዘቀዘ ብቻ አልጋ እንደማይሰጥ፣ ትኩሳት ካመጣ ግን እንዲመጣ። ትኩሳት እንዲያመጣ መጠበቅ አለብኝ ማለት ነው። የመስጊድ ወዳጆቹ ዘንድ ደወልኩ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ ሌላው በሁለት ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ተጨናንቋል። ስለ ሆቴል አሰብኩ፤ አልጋውን፣ ወንበሩን፣ መጸዳጃውን አሰብኩና ተውኩት። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እንዳይሰማኝ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ከዚያ ለእህቴ ደወልኩ።

ነገሩን ሁሉ ሳላቋርጥ ነገርኳት። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እትዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እኛ ቤት ሊፍት አለ። ሰውዬሽን ይዘሽ ነይ።»

ባቡሩ ላይ ተሽከርካሪ ወንበሩን የሚያነሳ ማሽን ይዘው ሁለት ሠራተኞች ረዱን። ጎረቤቴ እስከ ዙሪክ ዋና ጣቢያ በመኪናዋ አደረሰችን። መንገዱን ሁሉ ሳሉን ሳዳምጥ ውጭውን አላየሁትም። ሎዛን ስንቃረብ ሐይቁ ብቅ ሲል ግን ጭንቅላቱን ወደ መስኮቱ አዞረና እስኪያልፍ ድረስ ተመለከተ። ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ሊለኝ ፈለገ።

እህቴ ኮርናቫን ጣቢያ መድረክ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ነጠላዋን ከካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋለች። አርጅታለች። በስልክ ድምጿ ስላላረጀ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ አልጠበቅኳትም። ጎንበስ ብላ እጁን ጨበጠች፤ ያውም የማይሠራውን እጅ።

«እንደምን አሉ?» አለችው፣ እንደ ባዕድ።

«እሺ» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «ምን ማለቱ ነው?»

«ሌላ መናገር አይችልም፣ እትዬ።»

በስልክ ነግሬያት ነበር። ሲነገራትና ስታየው ግን አንድ አልሆነላትም። ቤቷ እስክንደርስ ወንበሩን ለእኔ አልሰጠችኝም፤ ራሷ ነበር የምትገፋው።

ቤቷ በጣም ይሞቃል። ከታች ማን እንደሚያነደው ሳይታወቅ ራዲያተሩ እጅ ይፋጃል፤ በበረዶው ወቅት መስኮት ከፍታ ነው የምትቀመጠው። ባለቤቴን ሳሎኗ ውስጥ አስተኛነው። ብርድ ልብስ አላስፈለገውም። ፊቱ መልኩን ሲመልስ እያየሁ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እዚያ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ እትዬ ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍት እያፈራረቀች ሠራች። ጾም አልነበረም። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። በኋላ ማቀዝቀዣዋን ስከፍት ሥጋ የሚባል ነገር የለበትም። ዶሮ አትጠፋም እቤቷ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ዶሮ ትወዳለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። እኛ አገር የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ አንድ ማዕድ ላይ እንደማይቀርብ እሷም እኔም እናውቃለን። ሁላችንም ከአንድ ሳህን እንድንበላ ብላ ሥጋውን ከቤት አውጥታው ነበር።

አንድ ቀን ለቴክኒሻኑ ደውዬ ቀጠሮዬን ላረጋግጥ ኮሪደር ላይ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስመለስ እህቴ በማንኪያ እያጎረሰችው ነበር፤ እሱ አፉን ገጥሞ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«ክፈት እንጂ አንተ፣ ልጅ ነህ እንዴ?» አለችው። «እህትህ ለፍታ ሠርታ አትበላም?»

ዞር ብሎ አያት። ከዚያ አፉን ከፈተ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ያህል ዘመን ሰውዬሽ ስትለው ኖራ፣ ጣቢያው ላይ እርስዎ ብላው፣ አሁን አንተ አለችው።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ እሱን እህቴ ዘንድ ትቼ ብቻዬን ወደ ዙሪክ ተመለስኩ። ቤቱ ውስጥ ትንፋሼ ይታየኛል። ቴክኒሻኑ መጥቶ ምድር ቤት ብዙ ቆየ፤ ዕቃ ለወጠ፣ ቦይለሩን አስነሳው። ከዚያ ጠራኝና በባትሪው አበራልኝ። በብረቱ ጎን ቀጭን ስንጥቅ ነበረ።

«ይህ አይጠገንም» አለኝ። «አንድ ክረምት ሊቆይ ይችላል፣ ብዙም ሊቆይ ይችላል። ሲሞት ግን እንደዚህ ያለ የዘይት ቦይለር መልሰው መትከል አይፈቀድልዎትም። ማሞቂያውን ከነጭራሹ መቀየር ነው።»

ስለ መቀየር ባንክ ቀደም ብዬ ጠይቄ ነበር። የባንኩ ሰው የባለቤቴን ሕመምና የእኔን ዕድሜ ሲያይ ብዙ አላደከመኝም፤ ቤቱን መሸጥ አስበን እንደሆን ጠየቀኝ። በታመመው ሰው ላይ ቤት መሸጥ፣ አልጋውን ይዞ መንከራተት አልቻልኩም። እናም ያ የተሰነጠቀ ብረት ባለቤቴ በሕይወት እስካለ መቆየት ነበረበት። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

«ውሉ ይህን ስንጥቅ ይሸፍናል?» አልኩት።

«አይሸፍንም። በግልጽ ልንገርዎት። ውሉ መምጣታችንን፣ ሥራችንንና ትንንሹን ዕቃ ነው የሚሸፍነው። ዋናው አካል ከሞተ ምንም አናደርግልዎትም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ሲደውሉ ሰው ይመጣል» አለኝ።

ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ። ስልኩ ላይ «ውል አለዎት?» ስባል አለኝ ማለት ይበቃኛል። እፈርማለሁ አልኩት። ቦርሳውን ከፍቶ ጽሑፉን እያወጣ፣

«የአንድ ዓመት ይሁን የሦስት?» አለኝ። «ሦስቱ ይረክሳል።»

ሰውየው ዋጋውን የማሰላስል መስሎት ጠበቀኝ። እኔ ግን ሐኪሟ በዚያ መኸር ለብቻዬ የነገረችኝን ነበር የማስበው፤ ሁለተኛ ስትሮክ የመምጣቱ ዕድል ትንሽ እንዳልሆነ፣ ሲመጣም እንደ መጀመሪያው እንደማይሆን። አንድ ብል ባለቤቴን ለአንድ ዓመት ብቻ ያሰብኩት ይመስለኛል። ሦስት ብል ደግሞ እሱ ሲሄድ ውሉ ይቀራል። ይቅርታ ጠየቅኩትና ወደ ላይ ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ።

«ሦስት በይው» አለችኝ ወዲያው። «ይሄ ሰው ዛሬ ሁለት ሳህን ነው የበላው። የአንድ ዓመት ሰው አይደለም።»

«ሐኪሟ ያለችውን ታውቂያለሽ።»

«ሐኪሟ እግዚአብሔር ናት? ሦስት በይው።»

ስልኩን ዘግቼ ወረድኩ። ሦስት ልል ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው አንድ ነው። ፈረምኩ።

ለእህቴ ስነግራት ስልኩን ዘጋችብኝ። በማግሥቱ ግን ባለቤቴን ይዛ በባቡር መጣች። ከእኔ ጋር ሳትነጋገር ከእሱ ጎን ሆና በቤቴ በር ገባች፤ ከተጋባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ኮሪደሩን አየች፣ ሳሎኑን አየች። የሶላት ምንጣፉ ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር፤ ከግድግዳው ላይ ደግሞ የእኔ የማርያም ሥዕል አለ። ሁለቱንም አየቻቸው።

«ቤታችሁ ደግ ነው» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ውሉ አላነሳችብኝም፤ እኔም አላነሳሁባትም።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ ትመጣ ጀመር። በሚያዝያ ቦይለሩ አንድ ጊዜ ቆመ። ደወልኩ፣ ውል አለኝ አልኩ፤ ከምሳ በፊት ሰው መጣ፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ ለውጦ ሄደ። ባለቤቴ መቆሙንም አላወቀ። ያን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን ራዲያተሩ ላይ አድርጌ ሲሞቅ ጠበቅኩ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ዕለት ያረፍኩበት ቀን አልነበረም።

ሁለተኛው ስትሮክ በመኸር መጣ። ቁርስ እያበላሁት ነበር። አምቡላንሱ ወዲያው ደረሰ፣ ሐኪሞቹም የሚቻላቸውን አደረጉ፤ ከሆስፒታል ግን አልተመለሰም። መስጊዱ አጥቦ ከፍኖ ቀበረው። እህቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ እህቱ መስላቸው እሷን ነው ያጽናኑት። አላረመቻቸውም።

የውሉ ጊዜ ሲያልቅ ከድርጅቱ ደወሉልኝ። አላድስም አልኩ። ዙሪክ ውስጥ አሮጌ ቤት የገዙ ወዳጆቼ አሁን እኔን ይጠይቁኛል፤ ከኢንሹራንሱ ሌላ ለቦይለሩ መክፈል ያዋጣል ወይ ይሉኛል። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ አንድና ሦስት ዓመቱ አልነግራቸውም። ቤታችሁ ውስጥ ብርዱ እስኪያልፍ መጠበቅ የማይችል ሰው አለ ወይ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። አለ ካሉኝ ክፈሉ እላለሁ። ከሌለ ብርድ ልብስ ይበቃችኋል፤ ብርድ ያልፋል፣ ቴክኒሻኑም ተራችሁ ሲደርስ ይመጣል።

ቦይለሩ ዛሬም ይሠራል። ስንጥቁ እንዳለ ነው፤ ቴክኒሻኑ ለጽዳት ሲመጣ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ጎህ ሲቀድ ከምድር ቤት ሲነሳ እሰማዋለሁ፤ ቧንቧዎቹ ይንኳኳሉ፣ ሙቀቱ ማንም በሌለበት ሳሎን ውስጥ ይሞላል። አንዳንድ ጠዋት ድምፁን መስማት ያቅተኛል። እወርድና ማጥፊያውን እጫነዋለሁ። ጨለማው ውስጥ ብረቱን ተደግፌ እቆማለሁ። ብርዱ ሲጸናብኝ መልሼ አስነሳዋለሁ፤ ቅዳሜ እህቴ ትመጣለች፣ በብርድ ጉልበቷን ያማታል።